ስምንት ፕሪንተሮች ያልጠበቁት ምስጢር

ሰው የሚሸነፍበትን ክርክር ፈልጎ አይሄድም፤ ክርክሩ ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል እንጂ። ጋሼ ማኅተም ያን ዕለት ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ያሰቡት አንዲት ትንሽ ፕሪንተር ገዝተው፣ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ቢሯቸው መመለስን ብቻ ነበር። የቢሮ ዕቃ መደብሩን በር ገፍተው ሲገቡ ግን ከሟች ወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ስለ እኚህ ሰው አስቀድሞ ጥቂት ማለት ይገባል። ጋሼ ማኅተም የትርጉም ቢሮ ባለቤት ናቸው። የልደት ወረቀት በሉ፣ የትምህርት ማስረጃ በሉ፣ የሐኪም ውጤት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ምን ቅጡ! በአንድ ቋንቋ የተጻፈለትን ወረቀት በሌላ ቋንቋ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ደጃቸውን ይረግጣል። ከተርጓሚዎቻቸው እጅ የሚወጣው ገጽ ሁሉ መጨረሻ ላይ የእሳቸው ክብ ማኅተም ያርፍበታልና፣ ሠራተኞቹ ይህን ስም አወጡላቸው። በፊታቸው አይጠሩትም፤ እሳቸው ግን ያውቁታል፤ አውቀውም ይወዱታል።

የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ለቢሮዎች ማሽን መርጦ በሚተክል ድርጅት ውስጥ ባለሙያ ናት። በልጅነቷ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትታ መግጠም ሲያቅታት፣ አባቷ ሳይሰማ ወስደው የሚያሠሩላት አጎቷ ነበሩ። አሁን ግን የፈታችውን ራሷ ትገጥማለች።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?» አለች ትከሻቸውን እየሳመች።

«ምን እግር ይጥለኛል፣ ፕሪንተር ፍለጋ ነዋ። አዲስ ተርጓሚ ቀጥረናል፤ ነገ ይጀምራል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው?»

«ለእሱ ብቻ ነው የሚገዙት?»

«ለእሱ ብቻ! እኛ ቢሮ ለአንድ ሰው አንድ ፕሪንተር ነው። ይሄ ሕግ ነው።»

«እስካሁን ስንት ሆኑ?»

«ስምንት። ይሄ ዘጠነኛው ነው» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ልጅቱ ፈገግታዋን ዋጠችው። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከስምንቱ ዛሬ ጠዋት የሚሠሩት ስንት ናቸው?»

ጋሼ ማኅተም ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ቆጠራ ገቡ። «የእንግዳ ተቀባይዋ ቀለም ጨርሷል። የጥጉ ደግሞ ወረቀት እያኘከ አስቸግሯል። አንዱ... ተይው፣ አምስቱ ይሠራሉ። ስድስት ልበልሽ።»

«ታዲያ ስድስት ለሚሠሩበት ቤት ዘጠነኛ ሕመምተኛ ሊጨምሩ ነው?»

ወሬውን ሲያዳምጥ የቆየው ሻጭ እዚህ ላይ ዘሎ ገባ። «እንግዲያው ጌታዬ፣ ይሄን ይውሰዱ!» ብሎ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ያትማል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ስካን ያደርጋል፣ ይደርዛል፣ ያጥፋል። በደቂቃ ሰባ ገጽ!»

«አይሆንም» አለች ልጅቱ፣ ከአጎቷ ቀድማ። «ይሄ የሁለት መቶ ሰው መሥሪያ ቤት ዕቃ ነው። ለዘጠኝ ሰው ቢገባ ቦታ መያዝና አቧራ መብላት ነው ሥራው። ጋሼ፣ ትንሽ መግዛትም ትልቅ መግዛትም ሳያውቁ ከሆነ ያው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? መጀመሪያ ቢሮው ምን እንደሚሠራ ይታወቅ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።»

ጋሼ ማኅተም ክንዷን ያዝ አድርገው ከሻጩ ራቅ ወዳለው መደርደሪያ ወሰዷት። ፊታቸው ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፍቷል።

«ስሚኝ ልጄ። ስለ ማሽን ከአንቺ ጋር አልከራከርም። የኔ ነገር ሌላ ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ቢሮው ውስጥ አንድ ፕሪንተር ብቻ ነበረን፤ ለአምስት ሰው። ኮሪደሩ ላይ ነበር የተቀመጠው። አንድ ሰው የትምህርት ማስረጃውን ሊወስድ መጣ። ወረቀቱን ከማሽኑ ላይ አንስቼ፣ የላዩ ላይ ማኅተሜን መትቼ፣ የሥሩን ሳላይ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ የሌላ ደንበኛ የሐኪም ውጤት ነበረበት። የአንዲት ልጅ። ሰውዬው ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የእጮኛዋ ታላቅ ወንድም!»

«ውይ ጋሼ!»

«ሠርጉ ቀረ። ልጅቱ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ‹እኔ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው ለእርስዎ የሰጠሁት› አለችኝና ወጣች። ያን ቀን ማልኩ። የአንዱ ሰው ወረቀት ከሌላው ሰው ወረቀት ጋር አንድ ትሪ ላይ ሁለተኛ አይተኛም አልኩ። ስምንቱ ፕሪንተር ከዚያ መሐላ የመጣ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ወረቀትም እንደዚያው ነው። አሁን ወደ አንድ ማሽን ተመለስ ብትዪኝ፣ ወደዚያች ልጅ ፊት ተመለስ ማለትሽ ነው።»

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሽማግሌ እንቢ ሲል ወጣቱ ቶሎ «ዘመኑ አልገባውም» ይላል። አንዳንድ እንቢታ ግን ከሥሩ ቁስል አለው፤ ቁስሉን ሳያይ ሰውን ላሳምን የሚል ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። የወንድማቸው ልጅ ይህን አወቀች።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አለች። «ምስጢር የማይጠብቅ ማሽን ቢቀር ይሻላል። አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡኝ። ቢሮዎ ተቀምጬ ልቁጠር። ከቆጠርኩ በኋላም ዘጠነኛው ያስፈልጋል ካልኩ፣ እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ።»

«በራስሽ ላይ?»

«በራሴ ላይ!»

ጋሼ ማኅተም ሳቁ። ሳምንት አይገድልም ብለው ተስማሙ፤ አዲሱም ተርጓሚ እስከዚያ በእሳቸው ፕሪንተር ይገልገል አሉ።

ከሰኞ ጀምሮ ልጅቱ መጥታ እንግዳ ተቀባይዋ አጠገብ ወንበር ያዘች። በየፕሪንተሩ ላይ አንድ አንድ ወረቀት ለጠፈች፤ ያተመ ሰው ሁሉ ስንት ገጽ እንዳተመ ጭረት እንዲያደርግበት አዘዘች። ጋሼ ማኅተም በመስታወት ክፍላቸው ውስጥ ሆነው ሲያዩአት ዋሉ። እንግዳ ተቀባይዋ «እስክሪብቶሽ ከእኛ ፕሪንተሮች ይልቅ ይሠራል» ብላ ስትቀልድባት ሰሙ። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ልጅቱ አንገቷን አስግጋ የቢሮውን ውጪ በር ስታይና የሆነ ነገር ስትጽፍ አዩ። ሰው እየጠበቀች ይሆናል ብለው ተዉት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወረቀት ይዛ ገባች።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ይደገፉ» አለችና የመጀመሪያውን ወረቀት ዘረጋች። «በሳምንት ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ገጽ ታትማላችሁ። በወር ወደ አራት ሺህ ግድም ይሆናል። አብዛኛው ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት ገጽ ነው። ቀኑን ሙሉ ከስምንቱ ፕሪንተር ሥራ ላይ የሚገኘው አንዱ ቢሆን ነው፤ ሌላው ተኝቷል ወይም ታሟል።»

«እሺ፣ ሰነፎች ናቸው። ምስጢሬን ግን ጠብቀውልኛል።»

ልጅቱ ሁለተኛውን ወረቀት ወዲያው አልዘረጋችም። «ይሄኛው የበሩ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የምን በር?»

«የቢሮው በር። በሳምንቱ ውስጥ የደንበኛ ወረቀት ወይም ፍላሽ ይዞ ከዚያ በር የወጣውን ሠራተኛ ስቆጥር ነበር። ሠላሳ አንድ ጊዜ ነው ጋሼ።»

«የት ሊሄድ?» ድምፃቸው ከፍ ብሎ ወጣ። «የደንበኛ ወረቀት ይዞ የት ሊሄድ?»

«እትዬ ሐኪምን ይጥሯቸው።»

እትዬ ሐኪም ሐኪም አይደሉም። የቢሮው አንጋፋ ተርጓሚ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሕክምና ወረቀት ከመተርጎማቸው የተነሳ ሰው ሲያስነጥስ መድኃኒት ያዛሉ። ተጠርተው ሲመጡ መነጽራቸውን በአናታቸው ላይ ሰቅለው፣ «ማን ታመመ?» እያሉ ገቡ።

«አንቺ ሴት፣ የደንበኛ ወረቀት ይዘሽ ወዴት ነው የምትሄጂው?» አሉ ጋሼ ማኅተም።

«ፎቶ ኮፒ ቤት ነዋ፤ ጥጉ ላይ ካለው። ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«ለምን?»

«ለምን ይላሉ እንዴ!» እትዬ ሐኪም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «የእኔ ፕሪንተር ማተም እንጂ ኮፒ አያውቅም። እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ያለው ኮፒ ያውቃል፤ ግን መስታወቱ የመዳፍ ያህል ነው፤ ዲፕሎማ አይችልም። የዲፕሎማ ስፋቱን አይተውታል? ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቀለም ሲያልቅብን ደግሞ በፍላሽ ወስደን እዚያው አትመን እንመጣለን። ስንት ዓመታችን!»

«ስንት ዓመታችሁ?»

«ትንንሾቹ ከተገዙ ጀምሮ ነዋ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በቢሮው ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ባለቤቱ ብቻ ሳያውቁት አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። ጋሼ ማኅተም ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አቀኑ። ልጅቱ ተከተለቻቸው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ትልልቅ ማሽኖች ያጓራሉ፤ ከመደርደሪያው ኋላ ባለቤቱ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ባለቤቱ ጋሼ ማኅተምን ሲያይ ብድግ አለ።

«ኧረ ጋሼ! ዛሬ ራስዎ መጡ? ምነው፣ በሰው ይላኩ እንጂ!»

«የእኛን ሠራተኞች ታውቃቸዋለህ?»

«እንዴት አላውቃቸውም! የዘወትር ደንበኞቼ አይደሉም እንዴ? የእናንተን ሥራ እኮ ከሌላው ጋር አልቀላቅለውም» አለ ኩራት ኩራት እያለው። «ተመልሰው ሲመጡ እንዳይቸገሩ ብዬ ለብቻው ነው የማስቀምጠው። ይዩት!» ብሎ የኮምፒዩተሩን ስክሪን ወደ እሳቸው አዞረው።

ስክሪኑ ላይ አንድ ማህደር አለ፤ ስሙ የቢሯቸው ስም ነው። ባለቤቱ ተጫነውና ተከፈተ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል። በየሰው ስም ተቀምጧል፤ ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ የወረቀቱ ዓይነት ተጽፏል፦ ፍቺ፣ የደም ውጤት፣ የጉዲፈቻ ውሳኔ። ተራ የሚጠብቁት ሦስቱም ሰዎች አንገታቸውን አስረዝመው ያያሉ። ባለቤቱ አሠራሩ እንዴት ያማረ እንደሆነ ሊያሳይ አንዱን ከፍቶ ሊያወጣ ሲል፣ ጋሼ ማኅተም ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አውልቀው ስክሪኑ ላይ ደፉት።

«በቃ!» አሉ። «ወንድሜ፣ በቃ!»

ሰውዬው ደነገጠ። «ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«አንተ ምንም አላጠፋህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ከመደርደሪያው ኋላ ዞራ ገባች። ባለቤቱ እያያት ማህደሩን ሰረዘች፤ የተሰረዘው የሚከማችበትንም ባዶ አደረገች፤ ሌላ ቦታ የቀረ ቅጂ እንዳለም ጠይቃ አረጋገጠች። ሰውዬው ደግ ሰው ነበርና «እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» እያለ አብሯት ፈለገ። ጋሼ ማኅተም ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ተራ ጠባቂዎቹ እንዳያዩ ስክሪኑን በባርኔጣቸው ጋርደው ቆሙ።

ሁለቱም ወደ ቢሮ ተመለሱ። ጋሼ ማኅተም ወንበራቸው ላይ አረፍ እያሉ ተናገሩ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ አዘነችብኝ ብዬ አራት መቶ ሰው አደባባይ ላይ አሰጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሙያ መስሎኝ ነበር እኮ ልጄ፤ በየጠረጴዛው አንድ አንድ ዕቃ ማስቀመጥ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።»

«ጥንቃቄዎ ልክ ነበር ጋሼ። ያተኮሩት ግን ወረቀቱ የሚወጣበት ትሪ ላይ ነው፤ ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ ያየልዎት ሰው የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «አላልኩም?» ይል ነበር። ልጅቱ አላለችም። የተረታ ሰው ላይ የማይፎክር መካሪ ምክሩ ሁለት እጥፍ ይሰማል።

«እሺ» አሉ ጋሼ ማኅተም ተመቻችተው እየተቀመጡ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አሁን ማሽን እንምረጥ። ግን ደንግጧል ብለሽ ያገኘሽውን እንዳታሸክሚኝ፤ እጠይቅሻለሁ።»

«ይጠይቁ።»

«አንድ ማሽን ለዘጠኝ ሰው! ሰልፍ ሊሆን አይደለም?»

«አይሆንም፤ ለዚህ አይደል የቆጠርነው? ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የወር ቁጥር፣ ማሽኑ ግድ ከሆነበት የሚችለው ነው። ያንን አያምኑ። በትንሹ የተጻፈ፣ በወር ይህን ያህል ቢሠራ ይመከራል የሚል ሌላ ቁጥር አለ። እሱ ከአራት ሺህ ከፍ ካለ ሥራችንን ሳይጨነቅ ይችለዋል። ፍጥነቱም በደቂቃ ሠላሳ ገጽ ይበቃል። ይልቅ ቁም ነገሩ የመጀመሪያዋ ገጽ ቶሎ መውጣቷ ነው፤ ሁለት ገጽ ለሚያትም ሰው ማሽኑ እስኪሞቅ መቆም ነው የሚያሰለቸው።»

«ዲፕሎማውስ?»

«መስታወቱ ሰፊ የሆነውን እንወስዳለን፤ ትልቁን ወረቀት የሚችለውን። ለሌላ ቢሮ ቢሆን አያስፈልግም እል ነበር፤ እናንተን ግን ወደ ጥጉ ሲያመላልሳችሁ የኖረው ይሄ ነው። ወረቀት ከላይ እየሳበ የሚያነበውም ክፍል ፊትና ጀርባውን በአንድ ጊዜ የሚያነብ ይሁን። ባለፈው ወር የአንድ ሰው ማስረጃ ጀርባው ሳይተረጎም ቀርቶ ተመልሷል አሉ።»

«ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ሐኪም።»

«እሷ ደግሞ የራሷን አፍ ማከም አቃታት!» አሉ ጋሼ ማኅተም፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታቸው ነበር። «ቀለሙስ? ጥቁር ነው ባለ ቀለም?»

«የምታትሙት ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ጥቁር የሚያትም ሌዘር ይበቃል፤ ውሃ ቢነካው እንኳ ፊደሉ አይፈስም። ስካኑ ግን ባለ ቀለም ይሁን፤ የማኅተሙ ሰማያዊነት መታየት አለበት። መሳቢያው ሁለት ይሁን፤ በአንዱ የቢሮው ስም ያለበት ወረቀት፣ በሌላው ነጩ ይገባል። የሌዘሩ ዱቄት ቀለም፣ ቶነሩም፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቦታ መገኘቱን፣ አንዱም ስንት ገጽ እንደሚያትም አስቀድመን እንጠይቃለን። ርካሽ ማሽን በኋላ በቶነር ነው የሚበቀለው።»

«ቢበላሽስ? ስምንቱ ቢታመሙ እንኳ አንዱ ይነሣል። አንዱ ብቻ ቢሆንና ቢወድቅ ሁላችን አብረን ልንወድቅ ነው።»

«ይሄ እውነተኛ ሥጋት ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ከተጠራ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በውሉ ላይ ይጻፍ። ከስምንቱም ደህነኞቹን ሁለቱን ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን። የቀሩት ይሰናበቱ።»

ጋሼ ማኅተም ወደ ፊት አዘነበሉ። «አሁን ዋናው። እትዬ ሐኪም ከጠረጴዛዋ ሆና ‹አትም› አለች። ማሽኑ ያለው ወዲያ ነው። እስክትደርስ ድረስ ወረቀቱን ማን ያየዋል?»

«ማንም። አይወጣማ!»

«እንዴት አይወጣም?»

«እያንዳንዱ ሰው የራሱ የምስጢር ቁጥር ይኖረዋል። ‹አትም› ቢልም ማሽኑ ይዞ ይጠብቃል። ባለቤቱ መጥቶ፣ ፊቱ ቆሞ ቁጥሩን ሲነካ ብቻ ያወጣል። የአንዱ ወረቀት ከሌላው ሥር የሚተኛበት መንገድ የለም።»

«ረስቶት ቢቀርስ?»

«ያዘዝነው ሰዓት ሲሞላ ማሽኑ ራሱ ይሰርዘዋል።»

ጋሼ ማኅተም ጣታቸውን አነሡ። «በሆዱስ? የዚያ ሰውዬ ኮምፒዩተር አራት መቶ ወረቀት ሆዱ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ይሄኛው አያስቀምጥም ብለሽ ትምያለሽ?»

ልጅቱ አጎቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «ጋሼ፣ ስንት ትልልቅ መሥሪያ ቤት ማሽን ተክያለሁ፤ ይሄን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። አዎ፣ አንዳንዱ ያስቀምጣል። ስለዚህ የያዘውን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚያመሰጥርና ሥራው ሲያልቅ የሚያጠፋውን ብቻ ነው የምንመርጠው። አርጅቶ ከቤት ሲወጣም ወረቀቱን የሚያስቀምጥበት ዲስክ ተነቅሎ እዚህ ይቀራል። ደግሞም ኮሪደር ላይ አይቀመጥም፤ ደንበኛ ብቻውን የማይገባበት የውስጠኛው ክፍል ይግባ።»

«አምጪው» አሉ ጋሼ ማኅተም። «ተረትቻለሁ።»

ማሽኑ በሳምንቱ ገባ። ከቁም ሣጥኑ ያነሰ፣ ከትንንሾቹ የበለጠ፣ ወገብ የሚደርስ ነገር ነው። እትዬ ሐኪም የመጀመሪያውን ዲፕሎማ መስታወቱ ላይ አጋድመው ሙሉ ለሙሉ ሲገባላቸው «እልል!» አሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ለውጡ በግልጽ ታየ። ወደ ጥጉ የሚመላለስ ሰው ጠፋ፤ የተረሳ ጀርባ ገጽ ይዞ የተመለሰ ደንበኛ አልታየም፤ ቀለም አለቀብኝ ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ተርጓሚ ቀረ፤ ጠዋት የመጣ ሰው ከሰዓት ወረቀቱን ይዞ ይሄድ ጀመር። ከሁሉም በላይ ዘጠኙ ሰዎች የደንበኛን ወረቀት አያያዝ ተማሩ፤ ማሽኑ ፊት ቆሞ ቁጥር መንካት ይህ ገጽ የሰው ምስጢር መሆኑን በየዕለቱ ያስታውሳቸዋልና። ጥሩ ዕቃ የሚመረጠው ሥራውን ባወቀ ሰው ነው፤ ሥራውን ለማወቅ ደግሞ መቁጠርና ሰው መጠየቅ ይቀድማል።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ትምህርት ሰጪዋ ልጅቱ ብቻ በሆነች ነበር። ማሽኑ በገባ በማግሥቱ ግን ጋሼ ማኅተም አንድ ደብዳቤ ጽፈው አሳዩዋት። ወረቀታቸው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ለሄደ ደንበኞች ሁሉ፣ አድራሻቸው ከቢሮው መዝገብ እየተፈለገ የሚላክ ነው። ወረቀትዎ ከቢሯችን ውጪ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁን ተሰርዟል፤ የፈለጉትን ቢሉኝ ልክ ነዎት፤ ይላል በአጭሩ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለች ደንግጣ። «ማንም አላወቀም፤ ተሰርዟል። የተዳፈነ እሳት ለምን ይጭራሉ? ደንበኛ ሁሉ ጥሎዎት ይሄዳል!»

«ይሂድ። ስለ ማሽን አስተምረሽኛል፤ ተምሬያለሁ። ይሄን ግን ከእኔ ተማሪ። ማሽኑ ወረቀት ይደብቃል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም። ያ የሰው ሥራ ነው። በራሴ ማኅተም የወጣ ጥፋት ነው፤ በራሴ ማኅተም ይታረማል።»

ጋሼ ማኅተም ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፤ የራሳቸውን ቁጥር ነክተው ደብዳቤዎቹን አወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ በእጃቸው ፈረሙባቸው።

አምስት ሰዎች መጥተው ተቆጡ፤ ጋሼ ማኅተም ቆመው ሰሟቸው። ሁለቱ ማህደራቸውን ወስደው ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ልብሱ ላይ የእንጨት ብናኝ ያለበት አንድ አናጢ፣ የቀድሞ ደንበኛ፣ የደረሰውን ደብዳቤ በእጁ ይዞ ገባ።

«ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ማኅተም ከወንበራቸው እየተነሡ። «ይናገሩ።»

«የምናገረው የለኝም። ልጄ ታማብኛለች፤ ውጤቷ መተርጎም አለበት። ሰው እንዲያውቀው አልፈልግም። ሦስት ቢሮ ሄጄ ሦስቱም ‹ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው› አሉኝ። የእኔ ምስጢር እንዳልተጠበቀ የነገረኝ ሰው እስካሁን እርስዎ ብቻ ነዎት።» ከደረቱ ኪስ አራት የታጠፉ ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይሄን ከሰጠሁዎት በኋላ የት ነው የሚቀመጠው?»

ጋሼ ማኅተም በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል፤ ይህን ጥያቄ ስንቴ «አያስቡ» ብለው እንደመለሱት አይቆጠርም። ዛሬ አያስቡ አላሉም።

«ዋናው አሁኑኑ ወደ እጅዎ ይመለሳል» አሉ። «ቅጂው ከእኔና ከተርጓሚዋ በቀር ማንም በማይከፍተው ማህደር ይገባል። ትርጉሙን ሲረከቡ፣ እርስዎ ፊት እንሰርዘዋለን። ሌላ የትም የለም። ይምጡ፣ አብረን እንሂድና ሲሠራ ይዩት።»

አናጢው ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው አንስቶ በእጃቸው ሰጣቸው።